አሮጌ ሞተር በድንገት ኤሌክትሪክ ሲያጣ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት በደህና ሲሄድ የነበረ ሞተር አንድ ጉድጓድ ይመታና ክላክሱ፣ ፍሬቻው፣ የኒውትራል መብራቱ ባንድ ቅጽበት ድርግም ይላል። ባለቤቱ እየገፋ ከተማ ያስገባዋል። አንዱ «ሲዲአዩ ሞቷል» (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የካንዴላ እሳት የሚያዘው ሳጥን ነው) ይለዋል፣ ሌላው «ዲናሞው ነው» ይለዋል፤ ሁለቱንም ይገዛል፣ ሞተሩ ግን እንደሞተ ነው። እንዲህ ባለው ድንገተኛ አሟሟት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው ብዙም አይርቅም፦ የላላ ቡሎን፣ የዛገ የፊውዝ ቤት፣ የተበጠሰ የማሳ ሽቦ (ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ በፍሬሙ አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው)።

ክላክስ፣ ፍሬቻና ስቶፕ በየራሳቸው ሽቦ ስለሚሠሩ ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብረው አይቃጠሉም። ሁሉም ባንዴ ከጠፉ የጠፋው ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት ደግሞ ጥቂት ነው፦ ባትሪው፣ የባትሪው ጫፎች፣ ዋናው ፊውዝ፣ ኳድሮው (ቁልፍ የምናስገባበት) እና ማሳው። ፍለጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሂድ። ከመሃል የጀመረ ሰው ዞሮ ዞሮ ባትሪው ጋ መመለሱ አይቀርም፣ ያውም ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ።

እዚህ የምለው በዋናነት በየመሥሪያ ቤቱና በየእርዳታ ድርጅቱ አገልግለው በጨረታ ስለወጡት አሮጌ የመስክ ሞተሮች ነው፤ ያማሃ ዲቲና ኤጂ፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሱዙኪ ቲኤፍ የመሳሰሉት። ለቦክሰርና ለቲቪኤስም መንገዱ ያው ነው፣ የሽቦው ቀለም ብቻ ይለያል።

የሚያስፈልጋችሁ

የ12 ቮልት፣ የ21 ዋት የፍሬቻ ወይም የስቶፕ አምፖል ከነማቀፊያው፤ ክንድ ክንድ የሚያክሉ ሁለት ሽቦዎች ግጠሙለት። መፈተሻ መብራታችሁ ይህ ነው። ሞተሩ የ6 ቮልት ከሆነ አምፖሉም የ6 ቮልት ይሁን፤ የባትሪውን ክዳኖች ቁጠሩ፣ ሦስት ከሆነ 6 ቮልት፣ ስድስት ከሆነ 12 ቮልት ነው። ከዚህ ሌላ ትርፍ ፊውዝ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደቃቅ ካርታቬትሮና ትንሽ ሽቦ ያዙ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ፍለጋው አይቆምም።

እንዲያውም እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቴስተር ነውና። አንድ ሽቦ ውስጡ ተበጣጥሶ አንዲት ጭራ ብቻ ቀርታዋለች እንበል። ቴስተር ስታደርጉበት 12.5 ያነባል። ለምን ቢሉ፣ ቴስተር ከሽቦው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ አንዲቷ ጭራ ትበቃዋለች። የ21 ዋት አምፖል ግን ወደ 2 አምፔር የሚጠጋ ይጠይቃል። ያችኑ ሽቦ በአምፖሉ ስትፈትኑ ይፈዛል ወይም ጭራሽ አይበራም። «ቮልቱ አለ፣ ግን ምንም አይሠራም» የሚባለው እንቆቅልሽ መልሱ ይኸው ነው። ሽቦን ሥራ ሰጥታችሁ ፈትኑት።

አንደኛ፦ ምን እንደሞተ ለዩ

ቁልፉን ክፈቱ። ክላክስ ንኩ፣ ፍሬን ያዙ፣ ፍሬቻ አብሩ። ምንም ከሌለ አሁን በእግር ምቱት።

ሞተሩ ከተነሳ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከላይ የጠራኋቸው አሮጌ ሞተሮች በአብዛኛው ለካንዴላው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ከባትሪ አይወስዱም፤ ከማግኔቱ (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው) ሥር ካለች ለእሱ ከተለየች የሽቦ ጥቅል ነው የሚያገኙት። ባትሪው ሞቶም ሞተሩ ይነሳል፤ በአንዳንዶቹ የፊት መብራቱም ከማግኔቱ ስለሚመጣ ሞተሩ ሲነሳ አብሮ ይበራል። ስለዚህ ሞተር ተነስቶ ክላክስና ፍሬቻ ከሌለ ጥፋቱ በባትሪው መስመር ነው። ሲዲአዩን አትንኩት።

ካልተነሳ ካንዴላውን ፍቱ፣ ቆቡን መልሳችሁ ግጠሙለት፣ አካሉን የሞተሩ ብረት ላይ አስነኩና ምቱ። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አጠገብ ይህን አታድርጉ። እሳት ከሌለ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ በማግኔት የሚሠራ ሞተር የሚጠፋው ኤሌክትሪክ በመቁረጥ ሳይሆን የሲዲአዩን አንዷን ሽቦ ማሳ በማስነካት ነው። ቁልፉም፣ መሪው ላይ ያለው ማጥፊያም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ውሃ የገባበት ማጥፊያ ወይም ተልጦ ፍሬሙን የነካ ሽቦ ሞተሩን «ጠፍተህ ቅር» እያለው ነው ማለት ነው። ያችን ሽቦ ከሲዲአዩ ላይ ንቀሉና ደግማችሁ ምቱ፤ በሆንዳና በያማሃ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ላይ ነጭ መስመር ያላት ናት። እሳት ከመጣ ሲዲአዩም ቦቢናውም (ቮልቱን ለካንዴላው ከፍ የሚያደርገው ጥቅል) ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ማጥፊያው ወይም ሽቦው ላይ ነው። (ሽቦዋ ተነቅላ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋም፤ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ ክላቹን ልቀቁ።)

ከባትሪ እሳት የሚወስዱት ተቃራኒ ናቸው። ለእነሱ ቁልፉ ኤሌክትሪክ ሰጪ ነውና የቁልፉ መስመር ሲቋረጥ ካንዴላውም አብሮ ይሞታል።

ሁለተኛ፦ ባትሪው

መፈተሻ መብራቱን በቀጥታ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ደምቆ በርቶ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ለፍለጋው የሚበቃ ኃይል አለው። በርቶ ወዲያው ከፈዘዘ ጥፋቱን አገኛችሁት ማለት ነው፤ ቢያንስ አንደኛውን።

ቴስተር ላለው፦ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያነባል። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው። 10.5 አካባቢ ላይ ቆሞ ቻርጅ ቢደረግም አልንቀሳቀስ ካለ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ስለሚይዝ የጎደለው የአንዱ ድርሻ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ባትሪ ቤት ቢያድርም አይድንም።

የድንገተኛ ሞት ልዩ ምልክት አለ፦ ቴስተር 12 ተኩል ያነባል፣ አምፖሉ ሲያያዝ ግን ወደ ዜሮ ይወድቃል። በባትሪው ውስጥ ክፍሎቹን የሚያያይዘው እርሳስ ተሰብሯል። ኮረኮንች ላይ የሚውል ሞተር፣ በተለይ የባትሪው ማሰሪያ ጎማ ጠፍቶ ባትሪው በሳጥኑ ውስጥ የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ውሃው ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ የባትሪ ውሃ (ዲስቲልድ) ጨምሩ። የቧንቧም የጣናም ውሃ ለባትሪ አይሆንም፤ ያለው ማዕድን ሳህኖቹን ይገድላቸዋል።

ቀጥሎ የባትሪውን ጫፎች ተመልከቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካለ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን። ቅደም ተከተሉ ለይስሙላ አይደለም፦ ኔጌቲቩ ታስሮ ሳለ መፍቻችሁ ፖዘቲቩንና ፍሬሙን አብሮ ከነካ ብረቱ ይግላል፣ ብልጭታው ዓይን ላይ ሊደርስ ይችላል። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ አሲድ ነውና እጃችሁን ወደ ዓይናችሁ አታድርሱ። በካርታቬትሮ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉ፣ ፖዘቲቩን አስቀድማችሁ እሰሩ፣ ካጠበቃችሁ በኋላ ቫዝሊን ከላይ ቀቡት። ቡሎኑ ጠብቆ ሳለ የካቦው ጫፍ በእጅ ሲያዝ የሚሽከረከር ከሆነ አልጠበቀም፤ ሮንዴላ ጨምሩ። አንድ ጉድጓድ ሲመታ ሁሉም ድርግም የሚልበት ሞተር ብዙ ጊዜ እዚህች ቡሎን ላይ ነው መልሱ።

ሦስተኛ፦ ፊውዙን አንብቡት

ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣውን ቀጭን ቀይ ሽቦ በእጃችሁ ተከተሉ፤ ፊውዙ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጎን ክዳኑ ኋላ ነው። አሮጌዎቹ የመስታወት ፊውዝ አላቸው። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ያዙት፣ አሟሟቱን ይነግራችኋል።

መስታወቱ በጥቁር ጥላሸት ወይም እንደ መስታወት በሚያብረቀርቅ ብርማ ነገር ከተለበጠ ሽቦው በፍንዳታ ነው የሄደው፤ አንድ ቦታ ፖዘቲቭ ፍሬሙን ነክቷል። ይህ ሾርት ነው። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ሽቦው መሃሉ ላይ ቀልጦ ከተቆረጠ ጭነት በዝቶበት ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ የተጨመረ ፓውዛ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አላርም ካለ ጠርጥሩ። ሦስተኛው ዓይነት ሰውን የሚያታልለው ነው፦ መስታወቱ ንጹሕ፣ ሽቦውም ሙሉ ይመስላል፣ ግን ከብረት ቆቡ ሥር በእርጅናና በንዝረት ተቆርጧል። ዓይን አያየውም። መብራቱን በፊውዙ በኩል አሳልፋችሁ ፈትኑ፣ ወይም በአዲስ ለውጡ።

የፊውዝ ቤቱንም አትርሱ። ፊውዙን የሚይዙት ሁለት ቅንጥቦች አረንጓዴ ከሆኑ ወይም ላልተው ከተከፈቱ ፊውዙ ደህና ሆኖም ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ፈግፍጉ፣ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አጥብቡ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ቅንጥቡ ለረጅም ጊዜ ሲግል ኖሯል፤ ቤቱን ለውጡ።

አዲሱ ፊውዝ ቤቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይብለጥ። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ወይም የሽቦ ጭራ ጠቅልሎ መክተት በከተማችን የተለመደ ነው፤ ስሌቱን ግን ተመልከቱት። የፊት መብራት 35 ዋት፣ የኋላ 5፣ ስቶፕ 21፣ ሁለት ፍሬቻ 42፣ ድምሩ 103 ዋት ነው፤ በ12 ሲካፈል 9 አምፔር አይሞላም። የ10 አምፔር ፊውዝ ይህን ይችላል። ከዚያ በላይ የሚያልፍ ካለ መንገዱን የሳተ ነው። የሽቦ ጭራ አድርጋችሁ ካሳለፋችሁት የሚቀልጠው ከታንኩ ሥር የሚያልፈው ዋናው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ከላዩ ደግሞ ቤንዚን አለ።

አዲሱ ፊውዝ ከቆየ ወደ አራተኛው እለፉ። ወዲያው ከሄደ ሁለተኛ አታቃጥሉ፣ በቀጥታ ወደ ስድስተኛው።

አራተኛ፦ ኳድሮው

የመብራቱን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ እሰሩ። ፍሬሙ ላይ አይሁን፣ ማሳውን ገና አልፈተንነውም። በሌላኛው ጫፍ ከፊውዙ ጀምራችሁ ወደ ቁልፉ እየተከተላችሁ ንኩ። የበራበት የመጨረሻ ቦታና ያልበራበት የመጀመሪያ ቦታ መካከል ጥፋቱ አለ።

ለቀለሞቹ፦ በያማሃ ቀይ ከባትሪ ይመጣል፣ ቡናማ ከቁልፉ ይወጣል፣ ጥቁር ማሳ ነው። በሆንዳ ቀይ ይመጣል፣ ጥቁር ይወጣል፣ አረንጓዴ ማሳ ነው። በሱዙኪ ቀይ ይመጣል፣ ብርቱካናማ ይወጣል፣ ጥቁር ላይ ነጭ መስመር ያላት ማሳ ናት። ልብ በሉ፣ ጥቁር በያማሃ ማሳ፣ በሆንዳ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው። የአንዱን ልማድ ለሌላው ይዞ የሄደ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል። ደግሞም እነዚህ ሞተሮች በብዙ እጅ ያለፉ ናቸው፤ ቀይ ሽቦ ሲያልቅበት በአረንጓዴ የቀጠለ መካኒክ ስንት አለ! ቀለሙ ፍንጭ ነው፣ ማስረጃው መብራቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ቁልፉ ራሱ ላይ ሳይሆን ከፊት መብራቱ ኋላ ባለው ሶኬት ላይ ነው። ነጥላችሁ ውስጡን እዩ። ደህናው ቢጫ ናስ ነው። የታመመው ላዩ አረንጓዴ፣ ዙሪያው ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ የተጠበሰ ነው፤ ያች ፒን ለወራት ስትግል ኖራለች። ሽቦውን ጥቂት ላጡት፤ መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ ቀይ ብረት እስክታገኙ ወደ ኋላ ቁረጡ።

ቁልፉን ለመፈተን ፊውዙ በቦታው እያለ ገቢውንና ወጪውን ሽቦ በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሁሉም ነገር ከተነሳ ጥፋቱ ኳድሮው ነው። ፈትቶ ውስጡን ማጽዳት አንዳንዴ ይሠራል፣ ሳህኑ ከተበላ ግን መለወጥ ነው።

አምስተኛ፦ ማሳ

አሁን ተገላቢጦሽ፦ የመብራቱን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ እሰሩ፣ በሌላው ፍሬሙን ንኩ፣ ከዚያ የሞተሩን አካል፣ ከዚያ የመሪውን ብረት። በሁሉም እኩል መድመቅ አለበት። ፍሬሙ ላይ ከፈዘዘ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወጥቶ ፍሬም ላይ የታሰረውን ካቦ ፍቱ። ለሽያጭ ሲባል ቀለም የተቀባ ሞተር እዚህ ይታወቃል፤ ቀቢው ፍሬሙን ሙሉ ቀብቶ ካቦውን ከቀለሙ ላይ አስሮታል። ብረቱ እስኪታይ ፈግፍጋችሁ እሰሩ። በቴስተር ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል፣ መብራቶች በርተው ሳሉ፣ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ገና አልጸዳም።

ፍሬቻ ስታበሩ የኋላ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፤ የኋላው ማሳ ነው።

ስድስተኛ፦ ሾርት ፍለጋ በአምፖል

ፊውዝ የሚበላ ሞተር ላይ ፊውዙን አውጥታችሁ በቦታው መፈተሻ መብራቱን ግጠሙ። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ምንም አይቃጠልም፣ ሾርቱ እስካለ ድረስ ደግሞ ደምቆ ይበራል። ሲጠፋ ሾርቱን አስለቀቃችሁት ማለት ነው።

ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ከበራ ሾርቱ ከቁልፉ በፊት ነው፣ አጭር መንገድ ነውና ቶሎ ታገኙታላችሁ። ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ከሆነ የፊት፣ የኋላና የፍሬቻ አምፖሎችን አውጡ፤ እነሱ ቦታቸው ካሉ ያለ ሾርትም ትንሽ ያበሩታልና ያሳስታሉ። ከባትሪ እሳት በሚወስድ ሞተር ቦቢናውንም ንቀሉ። አሁንም ከደመቀ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ ሽቦ እየያዛችሁ ነቅነቅ አድርጉ፣ ዓይናችሁ አምፖሉ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ የምትሄዱባቸው ቦታዎች፦ ሽቦው በመሪው አንገት ላይ የሚታጠፍበት፤ ከታንኩ ሥር ጥቅሉ በብረት የተጨመቀበት፤ በኋላ ፓራፋንጎ ሥር ጎማው የሚጠርገው የፋናሌ (የኋላ መብራት) ሽቦ። በተለይ የመጨረሻው። ጤፍም ሰውም እኩል በሚጭን ሞተር ላይ ፓራፋንጎው ወርዶ ሽቦውን ከጎማው ጋር ያገናኘዋል። እህል ባለበት ቤት የሚያድር ከሆነ ደግሞ አይጥ የበላችው ሽቦ ፈልጉ፤ ጥርሷ ያረፈበት ልባስ በትናንሽ ግማሽ ክብ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ።

ዝናብና ላቫጆ

በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት በውሃው ውስጥ የሚያልፍ ሞተር፣ ወይም ላቫጆ በኃይለኛ ውሃ የታጠበ፣ ወጥቶ ሳይርቅ ሊሞት ይችላል። ዕቃ አትፈልጉ። የካንዴላውን ቆብ፣ መሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ፣ የሲዲአዩንና የፊት መብራቱን ኋላ ሶኬቶች ንቀሉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፀሐይ ላይ ተዉአቸው። ሲደርቁ ከተነሳ ሶኬቶቹን ካጸዳችሁ በኋላ ጥቂት ቫዝሊን ቀብታችሁ መልሱ። በውሃ ምክንያት አንዴ የሞተ ሶኬት ካልጸዳ ውስጥ ውስጡን መዛጉን ይቀጥላልና በበጋም ይመለስባችኋል።

ከተነሳ በኋላ

ባትሪው ላይ ቴስተር አድርጉና ሞተሩን መካከለኛ ዙር ላይ ያዙት። በ12 ቮልት ሞተር ከ13.8 እስከ 14.5 ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚገድበው ዕቃ) ሞቷል፤ አምፖል የሚበላውና ባትሪ የሚያፈላው እሱ ነው። ከ12 ተኩል አልነቃነቅ ካለ ከማግኔቱ የሚመጡትን ሽቦዎች ሶኬት እዩ፣ በሆንዳ ቢጫ፣ በያማሃ ነጭ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የተጠበሰው እሱ ነው።

የተቆረጠ ሽቦ ስትቀጥሉ ጠምዝዛችሁ በፕላስተር ብቻ አትሸፍኑ። በሊድ አጣብቁ፣ ልባስ አድርጉለት፣ በሚታጠፍ ቦታ ላይ ቅጥያ አይኑር። ከዚያ ሞተሩ በርቶ ሳለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ መቀመጫው ላይ ሁለት ሦስቴ ዘለል በሉበት። ካልጠፋ ፕላስተሩን እሰሩ።

መንገድ ላይ ከቀራችሁ

ቀን ከሆነና ሞተሩ በማግኔት የሚነሳ ከሆነ ያለ ክላክስ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ባትሪው ደካማ ቢሆንም ከቦታው አይነቀል፤ ሬጉሌተሩ ያለ ባትሪ ሲሠራ ቮልቱ ይዘልና አምፖሎቹን ይጨርሳቸዋል። ከባትሪ የሚነሳ ከሆነ የፊት መብራቱን ሶኬት ንቀሉ፣ ፍሬቻና ስቶፕ በተቻለ አትንኩ፤ የቀረችው ኃይል ለካንዴላው ትሁን። ማታ ከሆነና የኋላ መብራት ከሌለ ግን በዚያ መንገድ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ አያያችሁም። በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ያለችው ሐሙሲት ደርሳችሁ ከሆነ እዚያው አሳድሩት።